ጎርፉና ሙቀቱ በግንባታ ፈቃድ ወረቀት ላይ ይስፈሩ

ለከተማ ፕላን፣ ለግንባታ ፈቃድና ለመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቶች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የዝናብ ውኃና የሙቀት ስሌት የግንባታ ፈቃድ መስፈርት እንዲሆን ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሕንፃ የምንነድፍ፣ የጎርፍ ማስወገጃ የምናሰላና የከተማ አረንጓዴ ቦታ የምናቅድ ባለሙያዎች ነን። ከተሞች የአየር ንብረት ለውጥን እንዴት እንደሚቋቋሙ የሚያትት ስትራቴጂ ዛሬ የትም አይጠፋም። አንድ ሰፈር በከባድ ዝናብ ይጥለቅለቅ ወይስ ይትረፍ፣ ነዋሪው በሙቀት ወቅት ሌሊቱን ይተኛ ወይስ ሲገላበጥ ይደር የሚወሰነው ግን ማኅተማችሁ በሚያርፍበት ሳይት ፕላን፣ ማለትም በግቢው ንድፍ ላይ ነው። ያ ወረቀት ስለ ሕንፃው ከፍታ፣ ከወሰን ስለሚርቅበት ልክ፣ ስለ መኪና ማቆሚያው ብዛት ይጠይቃል። ጣሪያ ላይ የወረደው ውኃ የት እንደሚደርስ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም «ከመንገዱ ቦይ ጋር ይገናኛል» የሚል መልስ ይበቃዋል። የምንለምነው ይህ መልስ እንዳይበቃው ነው።

አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውኃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የዓመቱ ድምር ባይለወጥ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ዝናብ እየበረታ ይሄዳል። የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦን የሚያሸንፈውም ይኸው በደቂቃዎች ውስጥ የሚወርደው ነው። አሮጌ የዝናብ መዝገብ ይዞ የተሰላ ቱቦ በአዲሱ ዝናብ ፊት መጥበቡ አይቀርም። ቱቦውን ሁሉ ቆፍሮ ማስፋት ደግሞ ከአቅም በላይ ነው፤ ያለው አማራጭ ወደ ቱቦው የሚደርሰውን ውኃ ማዘግየት ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንውሰድ። ሣር ለብሶ ሳለ ከወረደበት ዝናብ ሩቡ ያህል ወደ ውጭ ይፈሳል እንበል፤ ጣሪያና ኮንክሪት ሲለብስ 90 በመቶው ይፈሳል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚጥል ዝናብ ከቦታው የሚወጣው ውኃ በሰከንድ ከ2.1 ሊትር ወደ 7.5 ሊትር ያድጋል ማለት ነው። ባለይዞታው «የኔዋ ምን ትሆናለች» ቢል አይፈረድበትም። እንዲህ ያሉ መቶ ቦታዎች ባሉበት ሰፈር ግን በሰከንድ ለ210 ሊትር የተቀበረው ቱቦ 750 ሊትር ይመጣበታል።

መስፈርቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ይችላል፦ ከግንባታ በኋላ ከግቢ የሚወጣው ውኃ ከግንባታ በፊት ከነበረው አይብለጥ። በምሳሌው ቦታ ያ ዝናብ ለግማሽ ሰዓት ቢዘልቅ 13.5 ሜትር ኩብ ውኃ ይሰበሰባል፤ በተፈቀደው ልክ የሚወጣው ቢበዛ 3.75 ነው። ልዩነቱ ወደ 10 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ይህ ውኃ ግቢው ውስጥ በሚሠራ ማቆያ ጉድጓድ ይጠራቀምና በትንሽ ቀዳዳ ቀስ እያለ ይወጣል። ሆኖም ጉድጓዱ ገና ባልሞላበት ጊዜ መውጫው ቀዳዳ ከልኩ ያነሰ ስለሚያወጣ 12 ማድረግ ይሻላል፤ 3 በ4 ሜትር ሆኖ 1 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይበቃል። የመውጫው ዲያሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጉድጓዱ ጢም ሲል በሰከንድ ከ2 ሊትር በታች ነው የሚለቀው።

የሚበላሸው እዚችው ቀዳዳ ላይ ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ በአንድ ቁራጭ ፌስታል ይደፈናል። ከቀዳዳው በፊት ደለል የሚቀርበት 30 ሳንቲ ሜትር ጎድጓዳ ቦታና ተነስቶ የሚታጠብ ወንፊት ካልተሠራ ጉድጓዱ በመጀመሪያው ክረምት ሥራ ያቆማል፤ ባለቤቱም አያውቅም። ስለዚህ ሞልቶ የሚፈስበት ቱቦ ከመሬት በታች አይደበቅ፤ በሩ ፊት፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ ይውጣ። ውኃ በሩ ላይ ሲፈስበት ያጸዳዋል። ሌላው ስህተት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ታንከርን እንደ ጎርፍ መከላከያ መቁጠር ነው። ለመጠቀም ተብሎ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቀመጥ ታንከር ዝናቡ ሲመጣ ባዶ ቦታ የለውም። ሁለቱን ሥራ በአንድ ታንከር መሥራት ይቻላል፤ የታችኛው ግማሽ ለአገልግሎት ይቀመጥ፣ የላይኛው ግማሽ በመካከል በተበሳው ትንሽ ቀዳዳ ከዝናቡ በኋላ ራሱን ባዶ ያድርግ። ፈቃድ ሲጠየቅ የሚቆጠረው የላይኛው ብቻ ይሁን።

ውኃውን መሬት ውስጥ ማስረግ ከተቻለ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን አፈሩ ይጠየቅ። በታሰበው ጥልቀት ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አንዴ በውኃ ሞልቶ አፈሩ እስኪጠግብ ጠብቆ፣ እንደገና ሞልቶ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ መለካት ነው። በሰዓት ከ13 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከሥሩ የተበሳ ቱቦ ያስፈልገዋል። ማስረጊያው ከሕንፃ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ሲርስ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ አፈር ባለበት ደግሞ ከዚያ በላይ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ከአስፋልቱ የሚመጣውን ውኃ ተቀብሎ የሚያሰርግ የመንገድ ዳር የአትክልት መደብ በብዙ ከተሞች እየተሠራ ነው፤ ብዙው ደግሞ ለዓይን ብቻ ነው። ዋናው ጥፋት መደቡ ከመንገዱ ከፍ ብሎ መሞላቱ ነው። አትክልተኛ አፈር ቆልሎ መትከል ለምዷል፤ ውኃ ደግሞ ወደ ላይ አይወጣም። የመደቡ አፈር ከአስፋልቱ ጠርዝ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ቁጥር በንድፉ ላይ በሌቭል (በከፍታ ልክ) ካልተጻፈ በሳይቱ ላይ አይኖርም። የጠርዝ ድንጋዩ ላይ የሚተወው ክፍተት ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይስፋ፤ ከዚያ ከጠበበ ቅጠል ይዘጋዋል። ውኃው በክፍተቱ እንዳለፈ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ወዳለ ድንጋይ ይውደቅ፤ አለዚያ ደለሉ በሩ ላይ ተከምሮ መግቢያውን በሁለት ዝናብ ይደፍነዋል።

ከሥር 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ የሚበዛበት አፈር፣ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያልደቀቀ ጠጠር ይገባል። በአፈሩና በጠጠሩ መካከል ጂኦቴክስታይል የተባለውን ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ማንጠፍ የብዙ ንድፎች ልማድ ነው፤ እኛ አንመክረውም። ደቃቁ አፈር ጨርቁ ላይ ያርፍና ውኃ እንዳያልፍ ያደርገዋል። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደቃቅ ጠጠር ያንኑ ሥራ ሳይደፈን ይሠራል። የቆመው ውኃ በ48 ሰዓት ውስጥ መስረግ አለበት፤ የወባ ትንኝም ሆነ ሌላ ትንኝ ለመራባት ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋልና ነዋሪው በመደቡ ላይ የሚያነሳው ትልቁ ቅሬታ በዚህ ይመለሳል።

ንድፉ ትክክል ሆኖም በአሠራር የሚሞት መደብ ብዙ ነው። ኤክስካቫተሩ መደቡ ውስጥ ገብቶ ከቆፈረ የታችኛው አፈር ይጠቀጠቅና ውኃ አያሰርግም፤ ከዳር ሆኖ ይቆፍር። መግቢያዎቹ የሰፈሩ ግንባታ ሳያልቅ ከተከፈቱ የመጀመሪያው ዝናብ የሲሚንቶ እጣቢና ጭቃ ይዞ ይገባል፤ አሸዋማው አፈር ያኔ ይለሰንና ከዚያ በኋላ ቀይሮ ከመሙላት በቀር መድኃኒት የለውም። እስከ ርክክቡ ቀን መግቢያዎቹ በአሸዋ ከረጢት ተዘግተው ይቆዩ። ለውኃ አስራጊ ንጣፍም ያው ነው። በንጣፉ ድንጋዮች መካከል ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር መግባት ሲገባው አሸዋ ወይም ሲሚንቶ ይሞላበታል፤ ስሙ አስራጊ ሆኖ ሥራው እንደ ኮንክሪት ይሆናል። በትክክል ከተሠራ ግን 40 በመቶ ባዶ ቦታ ያለው 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር 120 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይይዛል። ከ5 በመቶ በላይ በሚወርድ መንገድ ላይ ውኃው ሁሉ በጠጠሩ ውስጥ ወደ ታችኛው ጫፍ ስለሚሮጥ በየመሐሉ ከመሬት በታች መገደቢያ ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ልክ አለው፤ ልኩን መናገር ደግሞ የባለሙያ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2021 በቻይናዋ ዠንግዡ በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ከተማዋ ውኃ ለሚመጥ የከተማ ዲዛይን ብዙ ገንዘብ ካፈሰሱት አንዷ ነበረች፤ የምድር ውስጥ ባቡሯ ግን በውኃ ተሞልቶ ሰው ሞተበት። ከዚህ ተነስቶ መደቡና አስራጊ ንጣፉ ከንቱ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ለየዓመቱ ዝናብ የተሰላ ነገር ለመቶ ዓመቱ ዝናብ አይደርስም፤ ለዚያኛው ውኃው ሰው ሳይጎዳ የሚያልፍበት መንገድ አስቀድሞ ሊመረጥለት ይገባል። የዴንማርኳ ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓታት ዝናብ ከተጥለቀለቀች በኋላ በ2012 ያወጣችው ዕቅድ የምንወደው ግልጽ ቁጥር ስላለው ነው፦ በመቶ ዓመት አንዴ በሚመጣ ዝናብ እንኳ በመንገድ ላይ የሚቆመው ውኃ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። የተመረጡ መንገዶች መሐላቸው ዝቅ ብሎ ውኃ እንዲነዱ፣ መናፈሻዎች ውኃ እንዲያቁሩ ተደረገ፤ ኤንግሄቨ የተባለው መናፈሻ ብቻ 22,600 ሜትር ኩብ ይይዛል። የኔዘርላንዷ ሮተርዳም እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተችው የቤንተምፕላይን አደባባይ በደረቅ ቀን የኳስ ሜዳና መቀመጫ፣ በዝናብ ቀን 1,700 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ ነው።

በሕንፃ ደረጃ ይህ ወደ ቤዝመንት ይወስደናል። የቤዝመንት መግቢያ ራምፕ ከመንገዱ ቀጥታ መውረድ የለበትም፤ መጀመሪያ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ከዚያ ይውረድ። የመብራት ቦርድ፣ ጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ ቤዝመንት ውስጥ አይቀመጡ፤ ውኃ ለመቅዳት የተገዛው ፓምፕ አስቀድሞ የሚሰጥመው ለዚህ ነው። ሰው የሚያድርበት ቤዝመንት ከሆነ ሁለተኛ መውጫ ያስፈልገዋል። 90 ሳንቲ ሜትር በሚሰፋ በር ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢቆም በሩን የሚገፋው ኃይል ከ110 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 በኒውዮርክ በጎርፍ ከሞቱት አብዛኞቹ በቤዝመንት መኖሪያ ውስጥ ነበሩ።

ሙቀቱ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ መስፈርት የሚጠይቅለትም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሙቀት ማዕበል በፈረንሳይ ወደ 15,000 ሰዎች ሞተዋል፤ ይበልጥ ለአደጋ ከተጋለጡት መካከል በመጨረሻው ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር የሚኖሩ አረጋውያን ይገኙበታል። ስለዚህ ከጣሪያ እንጀምር። ጥቁር ጣሪያ በጠራራ ፀሐይ ከ70 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ነጭ ቀለም አዲስ ሲሆን 80 በመቶ ያህል የፀሐይ ኃይል ይመልሳል፤ አቧራ ሲለብስ በጥቂት ዓመታት ወደ 60 ይወርዳል፤ ስለዚህ ማጠቢያ ውኃና ወደ ጣሪያው መውጫ መሰላል የንድፉ አካል ይሁኑ። ያልተቀባ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ብርሃን መመለሱ ያታልላል፤ የያዘውን ሙቀት መልሶ በጨረር ስለማይለቅ ከነጩ ይልቅ ይግላል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ አየር የሚያልፍበት ቦታ መተው፣ በኮርኒሱም ላይ ሙቀት መከላከያ ማድረግ በጣም ርካሹ ማሻሻያ ነው።

አትክልት የለበሰ ጣሪያ የሚጠይቁ አልሚዎች እየበዙ ነው፤ መልካም። ውኃ የጠገበ 10 ሳንቲ ሜትር አፈር በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ግን የስትራክቸር ስሌቱ ላይ ይታይ። አፈሩ ከመግባቱ በፊት ሶሌታው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ለ48 ሰዓት ቆሞ ይፈተሽ፤ ከአፈር በኋላ የተገኘ ፍሳሽ ቦታው አይታወቅም። ክብደቱን የማይችል ነባር ሕንፃ ነጭ ቀለም ይበቃዋል።

በመስኮት ላይ ያለን ቅሬታ አብዛኛው የሚመለከተው ራሳችንን ንድፍ አውጪዎችን ነው። በአራቱም ፊት አንድ ዓይነት መስታወት የለበሰ ሕንፃ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ያልተጠየቀበት ሕንፃ ነው። በቀትር ከፍታዋ 60 ዲግሪ የሆነን ፀሐይ ከ1.5 ሜትር መስኮት ላይ ለመከልከል 87 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጥላ ያስፈልጋል። ይህ ግን ለሰሜንና ለደቡብ ፊት ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ አግድም ጥላ ዋጋ የለውም፤ እዚያ መስኮቱን ማሳነስ፣ ቋሚ ክንፍ ማድረግ ወይም ዛፍ መትከል ነው። በምድር ወገብ ግራና ቀኝ፣ በሁለቱ ትሮፒኮች መካከል ባሉ ከተሞች ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ በሰሜንም በደቡብም ታልፋለችና ሁለቱም ፊት ጥላ ይፈልጋል። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው የሚያገኘው፤ መከልከያው ከመስታወቱ ውጭ ይሁን። ይህ ካልተደረገ ኤርኮንዲሽነር ይመጣል፤ እርሱም ከቤቱ 3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ለማውጣት 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ቢፈጅ 4ቱንም መንገድ ላይ ይደፋዋል። የቀንና የሌሊት ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ በሚለያይባቸው ቦታዎች ሌላ መንገድ አለ፦ ሌሊት የቀዘቀዘውን አየር በወፍራም ግድግዳና ሶሌታ ውስጥ ማሳለፍ። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚምባብዌዋ ሐራሬ የተከፈተው ኢስትጌት ሕንፃ በዚህ ይሠራል።

አስፋልትን ነጭ መቀባት አሁን ፋሽን ሆኗል። የመንገዱ ገጽ ይቀዘቅዛል፣ እውነት ነው፤ የተመለሰው ጨረር ግን በላዩ የሚራመደውን ሰው ያገኘዋል። ለእግረኛ ከቀለም ይልቅ ጥላ ይሻላል።

ጥላ ዛፍ ነው፤ ዛፍ ደግሞ አፈር ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ የተተከለ ትልቅ የሚሆን ዛፍ ወይ ይቀጭጫል፣ ወይ ንጣፉን ያነሳል፣ ወይ በነፋስ ይወድቃል። ትልቅ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ከ15 እስከ 30 ሜትር ኩብ ያልተጠቀጠቀ አፈር ይፈልጋል። ቦታ የለም ለሚባልበት ጠባብ መንገድ የስቶክሆልም ዘዴ አለ፦ ከእግረኛ መንገዱ ሥር ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ድንጋይ ተጠቅጥቆ ክብደቱን ይሸከማል፣ በመካከሉ አፈርና የተፈጨ ከሰል በውኃ ታጥቦ ይገባል፣ ሥሩ በዚያ ይሄዳል። የመንገዱን ዝናብ ወደዚሁ ድንጋይ መምራት ጎርፉንም ዛፉንም በአንድ ሥራ ያገለግላል። ውኃ ያገኘ ዛፍ በቀን 100 ሊትር ቢያተን ወደ 70 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ከአየሩ ይወስዳል፤ የደረቀው ዛፍ ጥላውን ብቻ ነው የሚሰጠው። አንድ ዝርያ በሽታ ሲመታው መንገዱ ሁሉ እንዳይራቆት ከከተማው ዛፍ አንዱ ዝርያ ከ10 በመቶ አይብለጥ። በጣም ጠባብና መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ግን ቅርንጫፎቹ ተጋጥመው ጭሱን እንዳያፍኑ በመሐል ክፍት ይተው።

ነፋስም የፕላን ጉዳይ ነው። የጀርመኗ ሽቱትጋርት እ.ኤ.አ. በ1938 በማዘጋጃ ቤቷ የአየር ጠባይ ባለሙያ ቀጥራ፣ ሌሊት ከኮረብታው ወደ ሸለቆው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር የሚያልፍበትን መንገድ ከግንባታ ስትጠብቅ ኖራለች። ሸለቆን በአግድም የሚዘጋ ረጅም ሕንፃ ርዝመቱ በነፋሱ አቅጣጫ እንዲሆን ይዙር።

ከመሥሪያ ቤታችሁ የምንጠብቀው እንግዲህ ይህ ነው። በሳይት ፕላኑ ላይ የእያንዳንዱ ጣሪያና ንጣፍ ውኃ መድረሻ በቀስትና በሌቭል ይታይ፤ የሚቆየው ውኃ በሜትር ኩብ ይጻፍ፤ የእያንዳንዱ ዛፍ አፈር በሜትር ኩብ ይጻፍ፤ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ስፋት ለብቻው ይሰላ። የሚቀበር ነገር አፈር ሳይለብስ ተቆጣጣሪ ይየው፤ ፎቶ አይተካውም። የመንገድ ዳር መደብ ሲረከብ ባለ 5,000 ሊትር የውኃ ቦቴ ከላይኛው ጫፍ ውኃውን አስፋልቱ ላይ ይልቀቅ፤ ውኃው መግቢያውን ዘሎ ካለፈ ሥራው አላለቀም፣ ክፍያም አይለቀቅ። ደለል ማውጫና ዛፍ ማጠጫ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት፣ ከግንባታው ውል ውስጥ በተለየ የበጀት ርዕስ ይያዝ፤ ከጽዳት በጀት ይገኛል ተብሎ የተተወ ነገር አይገኝም።

አዲስ መመሪያ እስኪጸድቅ መጠበቅ አያስፈልግም። በቅርቡ ፈቃድ ያገኙ ዐሥር ፋይሎች ይውጡና የዝናቡ ውኃ የት እንደሚያበቃ ንድፉ ላይ በጣት ይከተሉት። ቀስቱ ከወሰን አጥር ላይ በሚቆምባቸው ፋይሎች ላይ ሕንፃው ገና መሠረት ካላወጣ ንድፉ እንዲስተካከል በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለውኃና ፍሳሽ፣ ለኤሌክትሪክና ለቴሌኮም መሥሪያ ቤቶች፦ ዛፍ ሥር ለሚያልፈው መስመራችሁ ጥልቀትና አቅጣጫ ከመቆፈሩ በፊት ከመንገድ ሥራው ጋር እንድትስማሙ